ጃጓር መኪናዋን ሰረዘ፤ እኛስ መቼ ነው የምንሰርዘው?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የእንግሊዙ መኪና አምራች ጃጓር ብዙዎችን ያስደነገጠ ውሳኔ አሳወቀ። ሲ-ኤክስ 75 የተባለችውን ሃይብሪድ ሱፐርካር፣ ማለትም በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሠራ እጅግ ፈጣን መኪና፣ ለገበያ አላቀርብም አለ። መኪናዋ በወረቀት ላይ የቀረች ሥዕል አልነበረችም። የሙከራ መኪኖቹ እየተሠሩ፣ እየተፈተኑ ነበር። ዋጋዋ ተነግሯል። ስንት እንደሚመረት ታውቋል። ዓመቱም ተቆርጧል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «ይቅር» የተባለው።

ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ግን የሱፐርካር ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ጃጓር ሥራውን ያቆመበት አኳኋን እዚህ ጎጃም ላለን ሰዎች የሚጠቅም ነገር ስላለው ነው። እኛ ዘንድ መጀመር ችግር ሆኖ አያውቅም። የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። አንዳንዱ ሥራ ይጠናቀቃል። የቀረው አይጠናቀቅም፤ ግን ደግሞ አይሰረዝም። ተንጠልጥሎ ይኖራል። በጀት ይበላል፣ ሰው ያስራል፣ መሬት ይይዛል። «ይህን አንችለውም፣ እዚህ ላይ እናቁመው» የሚል ሰው አይገኝም።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልናገር። ምን እንደነበረች ሳይታወቅ የመሰረዟ ክብደት አይገባም።

ሲ-ኤክስ 75 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2010 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ጃጓር የሚለው ስም የወጣበትን 75ኛ ዓመት ለማክበር ነው የተሠራችው። መልኳ ያምራል፤ እሱን እንለፈው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት። አራቱ ሲደመሩ 778 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ግልቢያ በቅርብ ቆሞ ያየ ሰው፣ ጥቂት ፈረሶች አብረው ሲያልፉ መሬቱ ከእግሩ ሥር እንዴት እንደሚርገበገብ ያውቃል። ያ ጉልበት በመቶዎች ተባዝቶ በአንዲት ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ ታጭቋል።

እኔን የገረመኝ ግን ጉልበቷ አይደለም። ከወንበሮቹ ኋላ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ የጋዝ ተርባይኖች ናቸው። ተርባይን አውሮፕላን ላይ የምናውቀው ዓይነት ሞተር ነው። ፒስተን የለውም፤ አየር ስቦ፣ ነዳጅ አቃጥሎ ይሽከረከራል። እነዚህኞቹ በደቂቃ 80,000 ጊዜ ይዞራሉ። ሥራቸው ጎማ መንዳት አይደለም። ጄኔሬተር እያዞሩ ባትሪውን ይሞላሉ። መኪናዋ በባትሪ ብቻ 110 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትሄድ፣ ተርባይኖቹ ሲታገዙበት ደግሞ እስከ 900 ኪሎ ሜትር እንደምትደርስ ተነገረ። ይህ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት በቂ ነው፤ ይተርፋልም።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011፣ ጃጓር መኪናዋን በትክክል አምርቼ እሸጣለሁ አለ። ለዚህም ከፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ከዊሊያምስ ጋር ተጣመረ። ብዛቷ 250 ብቻ ነው ተባለ። ዋጋዋ ከ700,000 እስከ 900,000 ፓውንድ። እዚህ ላይ ግን ተርባይኖቹ ቀሩ። በምትካቸው ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ገባ። 1.6 ሊትር ማለት በየከተማችን የምናያት ኮሮላ የምትይዘው ዓይነት መጠን ነው። የኮሮላዋ ሞተር ጉልበት ከመቶ ፈረስ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የዊሊያምስ ሰዎች ግን ያንኑ መጠን በደቂቃ 10,000 ዙር እያስጮሁ፣ በቱርቦና በሱፐርቻርጀር አየር እየጫኑበት፣ 500 የፈረስ ጉልበት አወጡበት። ከኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ጋር ሲደመር ከ850 አለፈ። ይህም ሆኖ የካርቦን ልቀቷ በኪሎ ሜትር ከ89 ግራም እንዳይበልጥ ነበር የታቀደው። ይህ ትንሽ የቤት መኪና እንኳ በቀላሉ የማያሳካው ቁጥር ነው።

ብዙ የመኪና አፍቃሪ ተርባይኖቹ በመቅረታቸው ተቆጭቷል። እኔ ግን የዚህን ሥራ ጤንነት ያየሁት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። ያልደረሰ ነገር ያልደረሰ ነው። ፓሪስ ላይ ዓለም አጨበጨበልን ብለው ሙጭጭ አላሉም።

ከዚያ ታኅሣሥ 2012 መጣ። አውሮፓ በዕዳ ቀውስ ተወጥራ ነበር። መንግሥታት ወጪ ይቀንሳሉ፣ ሰው ከሥራ ይፈናቀላል። የጃጓር ብራንድ ኃላፊ የነበሩት ኤድሪያን ሆልማርክ ያቀረቡት ምክንያት ግልጽ ነበር። ሕዝብ ቀበቶውን ባጠበቀበት ሰዓት ከ800,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ መኪና ይዞ መውጣት ጊዜው አይደለም፤ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። ዋጋው ከመጀመሪያው ከፍ ማለቱን ልብ በሉ። ገና አንድም መኪና ሳይሸጥ ነው የጨመረው።

ገንዘቡ የሚውልበት ሌላ ቦታ ደግሞ የወሬ አልነበረም። የሕንዱ ታታ ሞተርስ ጃጓርንና ላንድሮቨርን እ.ኤ.አ. በ2008 ከፎርድ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር የገዛቸው። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ እየተነሳ ነበር። የራሱን ሞተር የሚያመርትበት ትልቅ ፋብሪካ ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ እየገነባ ነበር፤ በ2014 ተከፈተ። 250 ባለጠጋ የሚነዳው መኪናና ሺዎች የሚቀጠሩበት ፋብሪካ ለአንድ ኪስ ሲሻሙ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን ነበረበት።

ይህን ስል የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። ቀላልም አይደለም። ጃጓር በተወ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሦስት ተፎካካሪዎች ሃይብሪድ ሱፐርካር ይዘው ወጡ። ማክላረን ፒ1ን 375 አደረገና ሸጠ። ፌራሪ ላፌራሪን 499 አለና ሸጠ። ፖርሽ 918 የተባለችውን በስሟ ልክ 918 ሠርቶ ሸጠ። ታዲያ ገበያው ነበረ ማለት አይደለም ወይ? ጃጓር ፈርቶ ዕድሉን አላሳለፈም ወይ?

አንድ ነገር ልመልስ። ፌራሪ ለዓመታት ደጁን ሲጠኑ የኖሩ ደንበኞች አሉት። ፖርሽ ከጀርባው ግዙፉ የቮልስዋገን ቡድን አለለት። ማክላረን የመኪና ሥራው ራሱ ይኸው ነው። ጃጓር ግን በዚህ ገበያ ክፉኛ ተቃጥሎ ያውቃል። ታሪኩን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1988 ጃጓር ኤክስጄ220 የተባለች ሱፐርካር ለትርኢት አቀረበ። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ናት ተባለ። ባለገንዘብ ሁሉ ተረባረበ። ለመያዣ 50,000 ፓውንድ የከፈለው ሰው ሊመረት ከታቀደው 350 መኪና እጅግ በለጠ። ከዚያ መኪናዋ በ1992 ለገዢ ስትደርስ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኗል። የምትነዳውም በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ሽቅብ ወጥቷል። በዚህ መሐል ኢኮኖሚው ወደቀ። ገዢዎች «የተባልነው ይህ አይደለም» ብለው ሸሹ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተመረቱት ከ300 በታች ናቸው። የተወሰኑት ገዢ አጥተው ለዓመታት ቆመዋል።

አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። በትርኢት ላይ ሌላ ሞተር፣ በምርት ላይ ሌላ ሞተር። ዋጋው እየጨመረ። ኢኮኖሚው እየወረደ። በሲ-ኤክስ 75 ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ፊልም አንዴ አይተውታል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንደማያየው በሬ አልሆኑም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በሚታወቀው ነገር ነው እንጂ ከዓመት በኋላ ጎረቤት በሸጠው አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ከስረዛው በኋላ የሆነው ነው። ጃጓር «ምርቱ ይቁም» አለ እንጂ «ሁሉም ዕቃውን ጥሎ ይውጣ» አላለም። የሙከራ መኪኖቹ ሥራ ቀጠለ። በ2013 ጋዜጠኞች ተጋብዘው የነዚሁን መኪኖች ፍጥነት አዩ፣ አሠራራቸውን ጻፉ። መኪናዋ ትሠራ ነበር፤ ያውም እንደተባለችው ነበር የምትሠራው። ስትሰረዝም ሽንፈት ለመደበቅ እንዳልሆነ ዓለም በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ የት ሄደ? በ2014 ለተጀመረው የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር፣ ለፎርሙላ ኢ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባትሪ ያቀረበው የዊሊያምስ የምሕንድስና ክፍል ሆነ። ጃጓር ራሱ በ2016 ወደዚያው ውድድር ሲገባ አብሮት የገባው ዊሊያምስ ነው። በ2018 ጃጓር አይ-ፔስ የተባለች ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ምርጥ መኪና ተባለች። ይህ ሁሉ ከአንዲት የተሰረዘች መኪና ወጣ አልልም፤ እንዲህ ብል ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን እነዚያው ሁለት ተቋማት ባትሪና ሞተር ማጣመር የለመዱት፣ እጃቸውን ያፍታቱት እዚያች መኪና ላይም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ጃጓርን አወድሼ ብቻ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ይኸው ኩባንያ ሌላ መኪና ሰረዘ። ኤክስጄ የተባለችው የቅንጦት መኪና የኤሌክትሪክ ዓይነት ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት፣ የምትመረትበት ፋብሪካ እየተሰናዳ ሳለ፣ ቀረች። ከዚያም በ2024 መጨረሻ ጃጓር በገዛ አገሩ አዲስ መኪና መሸጥ ለጊዜው አቆመ። ይህኛውን አልደግፍም። አንዱን ማቆም ሌላውን ለመጨረስ ካልሆነ ልማድ ይሆናል። የ2012ቱን የምወደው ለዚህ ነው፤ ያኔ የቆመው ሥራ ገንዘቡንም ዕውቀቱንም ለሌላ ሥራ አስተላልፏል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ጣና በለስን እንውሰድ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አገሪቱ ውስጥ አሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ይገነባሉ ተባለ። ጣና በለስ አንዱ ስፍራ ነበር። ግንባታው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ቀነ ገደብ መጣ፣ አለፈ። ሌላ ቀነ ገደብ ተቀጠረ፣ እሱም አለፈ። አገዳው ተተክሎ ደረሰ፤ የሚፈጨው ፋብሪካ ግን አልደረሰም። በስተመጨረሻ ሥራው ከሜቴክ ተነጥቆ ለሌላ ተቋራጭ ተሰጠ። አንደኛው ፋብሪካ ከብዙ ዓመት መዘግየት በኋላ ስኳር ማምረት ጀመረ።

ጣና በለስ መቅረት ነበረበት እያልሁ አይደለም። ያ አፈርና ያ ውሃ ስኳር ሊያወጣ ይችላል፤ አውጥቷልም። የምለው ሌላ ነው። አሥር ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ከመዘርጋት አንዱን ይዘን እንጨርስ፣ የቀረውን በይፋ እንሰርዘው የሚል ሰው በሁለተኛው ዓመት ቢነሳ ኖሮ ምን ያህል ገንዘብ ይተርፍ ነበር? ከመሬቱ የተነሳው ገበሬ ቢያንስ ልቡ ያርፍ ነበር። መሬቱን ለፋብሪካ የሰጠ ሰው ፋብሪካውን ካላየ፣ መሬቱም ካልተመለሰለት፣ ምን ብሎ ለልጆቹ ያስረዳል?

ትልቁን እንተወው። ከወረዳ እስከ ቀበሌ ያለውን ተመልከቱ። ኮለኑ ቆሞ ብረቱ ወደ ሰማይ ያፈጠጠ የጤና ጣቢያ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ ፓምፕ ያልመጣለት የውሃ ጉድጓድ፣ ጣሪያው ብቻ የቀረው የወጣት ማዕከል። ከደጀን እስከ መራዊ መንገድ ዳር እያያችሁ የምታልፉት ነው። ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት የቆመ ብዙ አለ፤ እሱን ከዚህ ጋር አልቀላቅለውም። እኔ የምለው ጦርነቱ ሳይመጣ ገና በሰላሙ ጊዜ ተጀምሮ ስለቀረው ነው።

በቅርብ የማውቀው አንድ አለ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ካምፓስ ውስጥ የመመረቂያ ሥራ የያዙ ልጆች ባጃጅን በባትሪ ለማስኬድ ተነሱ። የቤንዚኑን ሞተር ፈተው አወጡ። ብረት በየዱ፣ ሽቦ ዘረጉ። ባጃጇ ግቢ ውስጥ ሄደች፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያለ ድምፅ ስትሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያት ነበር። ዳገት ላይ ግን ባትሪው ይግላል። አንድ ቀን ሽቦው ተቃጠለ። ጊዜያቸው አለቀና ተመረቁ፣ ተበተኑም። ከዚያ በኋላ ወርክሾፑ ጥግ ሳያት በሸራ ተሸፍናለች፤ ባትሪው ተነቅሎ ተወስዷል፤ መሪው ላይ አቧራ ተጋግሯል። የሚያሳዝነው ይህ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ ሥራ ከዜሮ ጀመረ። የቀደሙት ምን ዓይነት ሽቦ እንደተጠቀሙ፣ ለምን እንደተቃጠለ፣ በምን ያህል ዳገት ላይ እንደጋለ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት አላገኙም። እነሱም ሽቦ አቃጠሉ።

ጃጓርና ዊሊያምስ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናነሳበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

«የባለጠጋ መጫወቻ ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖራል። ይህን ለሚጠይቅ ሰው አባይ በረሃን አሳየዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ በአባዱላ ተሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ደጀንን አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ሙሉ ሰው፣ ላይ ላዩ ደግሞ ሻንጣና ጆንያ ጭነናል። ገና ግማሽ ሳንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሹፌሩ ዳር ያዘና ቆመ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወረደ፤ ጎማው ላይ ውሃ ሊደፋ።

«ተው! ድንገት ቀዝቅዞ ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ» አሉት ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ሸራው አልቆ ይሆን እንዴ?» አልኋቸው።

«አዲስ ነው ልጄ። እዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያመነ ሰው አይበረክትም። ማርሹን ነው የምታምነው።»

ያ የሚሸተው ነገር ጉልበት ነው። ትልቅ ጉልበት። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍሬንና ሞተር ይዞት ካልሆነ፣ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል መለቀቅ አለበት። ይህ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው፤ ማንም ተማሪ አባዝቶ ሊያገኘው ይችላል። የአባይ ሸለቆ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያ ሁሉ ኃይል በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ስንይዝ፣ የጣልነውን ጉልበት በናፍጣ እንደገና እንገዛዋለን።

ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ኃይል አይጥለውም። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተር ይለወጥና ባትሪውን ይሞላል፤ መኪናውንም ይይዘዋል። ሲ-ኤክስ 75 የነበራት ይኸው ዘዴ ነው፤ ፎርሙላ ዋን ላይም የኖረ ነው። ለውድድር ሜዳ ጥቂት ሰከንድ ማትረፊያ ነው። ለአባይ በረሃ ግን የሹፌር ሕይወት ማትረፊያ ነው። ግማሹ እንኳ ቢመለስ የዳገቱ መነሻ ይሆናል፤ ፍሬንም አይግልም። በየዓመቱ ፍሬን እምቢ ብሏቸው ገደል የሚገቡትን አይሱዙና ሲኖትራክ አስቡ።

ይህ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከቦ የሚወርደው ውሃ ነው ይህን ኃይል የሚሰጠው። ባሕር ዳር ላይ ማደያ ተሰልፎ የሚያድረውና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን በእጥፍ የሚገዛው ባለ ባጃጅ ወደ ባትሪ መሄድ ይፈልጋል፤ ዋጋው ነው የያዘው። መኪኖቹ ሲመጡ ግን ማን ነው የሚጠግናቸው? የጋለ ባትሪ ከፍቶ ማየት የለመደ ልጅ ከየት ይመጣል? ሽቦ አቃጥሎ የተማረው፣ የተማረውንም ጽፎ ያስቀመጠው ልጅ ነበር የሚያስፈልገን።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የክልሉም ሆነ የዞን ቢሮዎች ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ከአዲሱ ፕሮጀክት በፊት የአሮጌዎቹን ዝርዝር ለሕዝብ ያንብቡ። የተጀመረበት ዓመት፣ እስካሁን የወጣው ገንዘብ፣ የቀረው ሥራ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ መልስ ይሰጥ፤ ይቀጥላል ወይም ተሰርዟል። የተሰረዘው መሬት ለማን እንደሚመለስ፣ ብረቱና ሲሚንቶው የት እንደሚሄድ፣ ጥናቱ ማን እጅ እንዳለ አብሮ ይነገር። ሆልማርክ ለዓለም ፊት ቆመው ምክንያቱን ከተናገሩ፣ የወረዳ ኃላፊም ለገበያ ቀን በተሰበሰበ ሰው ፊት ቆሞ ይህን ማለት ይችላል።

እኛም አንድ ነገር እንተው። ሥራ ያቆመን ኃላፊ ሁሉ «ከሸፈ» እያልን በፌስቡክ ስናብጠለጥለው ነው ማንም የማይደፍረው። ምክንያቱን የተናገረ፣ ሒሳቡን ያሳየ ሰው ሲሰርዝ ጀርባውን እንደግፈው። የሚወቀሰው ዝም ብሎ አስተኝቶት የሄደው ነው።

ካምፓሶች ደግሞ ገንዘብ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ዘንድሮ የሚመረቁት ልጆች ያልተሳካ የመመረቂያ ሥራቸውን ከነሥዕሉ፣ ከነተቃጠለው ሽቦ ዓይነት፣ ከነልኬቱ ጽፈው ሳያስረክቡ ክሊራንስ አይፈረምላቸው። የባጃጇን ሥራ የሚረከበው ቀጣይ ቡድን ባትሪው በስንት ዲግሪ ዳገት ላይ እንደሚግል አንብቦ ይጀምር።